ሳይጠጣ የሰከረው ባንድ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመካነ ሰላሙን ባንድ ስም ያወጡት ግን ቲቸር አለኸኝ ናቸው፤ እሳቸውም ማንም ሳይጠይቃቸው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ጀብሪልን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጣጣው የወደቀው በሱ ራስ ላይ ነውና።

ጀብሪል ይማም መናኸሪያው አጠገብ ድንኳንና ሞንታርቦ ያከራያል። መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ሲዳር፣ መውሊድ ሲከበር፣ ታቦት ሲወጣ፣ ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ፣ የድምፅ ማጉያው የሱ ነው። ሠላሳውን አልፏል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። አገር በሚሰማው ማይክ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ከኋላ ይሰማል?» ለማለት የማያፍረው ሰውዬ፣ ከሴት ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ ከላላ ከተማ ለሰርግ ሥራ ሄዶ ኡምኩልሱምን ያየ ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም። የተናገረችው እሷ ናት። ማይኩ ሲያፏጭ ጠጋ ብላ «ይሄ ዕቃህ ጥርሱን ያመዋል እንዴ?» አለችው። ጀብሪል ሳቀ፤ በዚያው ቀረ።

ኡምኩልሱም የሐጂ ሙሐመድአሚን ልጅ ናት። ሐጂ ከላላ ላይ ወፍጮ ያላቸው የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ፣ በክብራቸው ግን አይቀለድም። ወፍጮውን የምታስተዳድረው ልጅቱ ነች። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ሹክሹክታ አያውቅም፤ የምትለውን ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምትለው። ስልክ ተለዋወጡ። በስልክ ጀብሪል ጎበዝ ነው፤ ዓይን የለበትማ። ብዙ ካወሩ በኋላ አንድ ቀን «ጀብሪል፣ ጆሮዬ ደከመ። ሽማግሌ ላክ» አለችው።

እንግዲህ ስካ የሚባለው የጃማይካ ሙዚቃ መካነ ሰላም የገባው በዚሁ ዓመት ነው። የገባውም በፍላሽ ነው። ጀብሪል ደሴ ሄዶ አዲስ ሞንታርቦ ሲገዛ፣ ሻጩ ለመሞከሪያ የሰካት ፍላሽ እዚያው ተረስታ አብራው መጣች። ውስጧ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት ፎልደር አለ። ጀብሪል «ስካ» ብሎ አነበበው። ትርጉሙን ጠየቀ፤ የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሪት ዘገየች። ሰዉ ማዛጋት ሲጀምር ጀብሪል ያንን ፎልደር ከፈተው። ጡሩምባው ቀደመ፣ ጊታሩ ተከተለ። የጊታሩ ቦታ ግን ሌላ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ እጁ የሚገጥምበት ላይ ሳይሆን እጁ ተለያይቶ አየር ላይ ያለበት ላይ ነው «ቸክ» የሚለው። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቆየት ብሎ የአንዲት እናት ትከሻ ያችን ባዶ ቦታ አገኛት፤ ከዚያማ ድንኳኑ ተናወጠ። ሙሽሪት ስትደርስ ዞር ብሎ ያያት ሰው ጥቂት ነበር። የሙሽሪት እናት ጀብሪልን እስካሁን ይቅር አላሉትም።

«ይሄን እኛው ብንጫወተውስ?» ያለው አስናቀው ነው። አስናቀው ባጃጅ ይነዳል፤ ወታደር ሳለ ግን የማርሽ ባንድ ጡሩምባ ነፊ ነበር፣ ሲመለስም አንዲት አሮጌ ትራምፔት ገዝቶ ይዞ መጣ። አፉ ከትራምፔቱ ጋር ባይጣበቅ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያወራው። ድራሙን ኪዳን ያዘ፤ አባቱ መሪጌታ ናቸው፣ እሱም በከበሮ አጠገብ ነው ያደገው፣ አሁን ማዘጋጃ ቤት ይሠራል። እፀገነት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ግራ እጇን ኪቦርድ ላይ አድርጋ ቤዙን እየያዘች ትዘፍናለች። ጀብሪል ራሱ ጊታሩን ያዘ። ከጊታር የሚያውቀው ያችን «ቸክ» ብቻ ነበር፤ ለስካ ደግሞ በቃው።

ልምምዱ የድንኳን ማስቀመጫው ውስጥ ነበር። ኪዳን መጀመሪያ አካባቢ አበደ። «የኔ እጅ ሲወርድ ያንተ ይነሳል፤ ተጣልተናል እንዴ?» ይለው ነበር ጀብሪልን። ሲደክማቸው እፀገነት ያመጣችውን ብርዝ ይጠጣሉ፤ ብርዝ እንደሚታወቀው ማር በውኃ ነው፣ ሕፃንም ይጠጣዋል። ቢራ የሚቀምሰው አስናቀው ብቻ ሲሆን እሱም «መንፊያዬን ያበላሸዋል» ብሎ ልምምድ ላይ አይነካም። ስለ ጭቃው፣ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ድንቹ ዘፈን አወጡ። ጀብሪል ያወጣት አንዲት ብቻ ናት፦

ከላላ ወርጄ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ፣
የምናገረውን ፈጨችብኝ ከአፍ።

ለማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ጀብሪል ግን «ዝም ብላ የመጣች ናት» ይላል።

ሽማግሌውም ተላከ። የሽማግሌዎቹ ፊታውራሪ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን የጀብሪል አባት ሲሞቱ «ልጄን አደራ» ያሉት እሳቸውን ነው። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ በሽበቱ እንጂ በሃይማኖቱ አይመረጥም። ሐጂ ሙሐመድአሚን ቤት ገብተው፣ ቆመው፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው፣ እንደ ወጉ ተለምነው ተቀመጡ። ስለ ልጁ ጠባይ ሲጠየቁ ጋሽ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን ዘርግተው «ሐጂ፣ እኔ ክርስቲያኑ ጠላ እጠጣለሁ፤ ይህ ልጅ ግን ስካር የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም» አሉ። ሐጂ ፈገግ አሉና «ማሻአላህ። በጅ፣ እንመካከርና ሌላ ቀን ተመለሱ» አሏቸው። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ቲቸር አለኸኝ እንምጣ። ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ማስታወቂያ ቤት ከፈቱ። እጃቸው ያምራል፤ ችግሩ ቀይ እስክሪብቷቸውን አብረው ጡረታ አላወጡትም። ሰው ያመጣላቸውን ጽሑፍ ሳያርሙ አያትሙም። ባንዱ በገበያ ቀን ሜዳው ላይ በነጻ ሊጫወት ተነሣና አስናቀው በብጫቂ ወረቀት «የመካነ ሰላም ስካ ባንድ፣ መሪ ጀብሪል ይማም» ብሎ ጽፎ ሰጣቸው። ቲቸር መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ባጃጅ ነጂ፣ ፊደል ይውጣል» አሉና የጎደለችውን «ር» መለሱላት።

ባነሩም ገበያው መግቢያ ላይ ተሰቀለ፦ «የመካነ ሰላም ስካር ባንድ፣ መሪ ጀብሪል ይማም»።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጀብሪል ያን ሳምንት አጅባር ሰርግ ላይ ነበር። በገበያው ቀን ሲመለስ በገበያው የኋላ በር በኩል ገብቶ፣ ባነሩን ሳያይ ዕቃውን አራግፎ መድረኩን ሲያቆም ሰዉን አይቶ ደነገጠ። ገበያው ተፈቶ መጥቷል። በቅሎ ላይ ያለ በበቅሎው፣ ጆንያ የተሸከመ በጆንያው፣ ሰካራም ባንድ ምን እንደሚመስል ሊያይ ተሰብስቧል። ሁለት ፖሊሶችም ይወድቃል ያሉትን ሊያነሡ ጥግ ይዘዋል። አራቱ ወጡ፤ ማንም አልተንገዳገደም። እፀገነት «እንደምን ዋላችሁ» ስትል ሰዉ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ባይገባትም አብራ ሳቀች። ኪዳን መታ፣ አስናቀው ነፋ፣ ጀብሪል «ቸክ» አለ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከፖሊሶቹ አንዱ ቆቡን አውልቆ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ነበር። ሲጨርሱ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ስካር! ስካር! ይደገም!» ማለት ጀመረ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ጀብሪል።

«ስማችንን እየጠሩ» አለ አስናቀው፣ በጣቱ ባነሩን እያሳየ።

ጀብሪል የማያውቀው ሌላ ነገር ነበር። ሐጂ ሙሐመድአሚን በዚያ ቀን መካነ ሰላም ውስጥ ነበሩ። እህል ይዤ ነው ቢሉም የመጡት ልጁን ለማጣራት ነው። መጠየቅ ግን አላስፈለጋቸውም። ገበያው መግቢያ ላይ ቆመው ባነሩን አንድ ጊዜ አነበቡ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው አስነበቡ፣ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ከላላ ተመለሱ።

ጀብሪል በማግስቱ ቲቸር ዘንድ ሄደ።

«ቲቸር፣ ምን ሠሩኝ?»

«ሰዋስው ነው ልጄ። ስካ የሚባል ቃል በአማርኛ የለም።»

«በአማርኛ አይደለማ።»

«ታዲያ በአማርኛ ለምን ጻፋችሁት?»

ጀብሪል ትቷቸው ወጣ። ባነሩን ሊያወርድ ቆርጦ ሲመጣ ግን የአስናቀው ስልክ አላርፍ ብሏል። የማሻ ከተማ ጠራቻቸው። አጅባር ጠራቻቸው። ሁሉም የሚጠራው «የስካር ባንዶች» ብሎ ነው። «ትንሽ ይቆይ፣ ሰዉ ይልመደንና እንቀይረዋለን» አለ አስናቀው። ጀብሪልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎት ነበር። በሄዱበት ሁሉ ሰው የሚመጣው በስሙ ስቆ ነው፣ የሚመለሰው ጨፍሮ ነው። መድረክ ላይ አራቱም ብርዛቸውን ሲያነሡ ሕዝቡ ይጮኻል፤ አስናቀው ጠርሙሱን ዘቅዝቆ «ማር ነው፣ ማር!» ይላል፣ የሚያምነው የለም። ማሻ ላይ ዝናብ መብራቱን አጥፍቶት ሳለ ሰዉ አልበተንም ብሎ በጭብጨባ አጫወታቸው። ጀብሪል በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ባነሩም ሳይወርድ ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ከላላ ተመለሱ። ሐጂ በዚህ ጊዜ «ተቀመጡ» ለማለትም ዘገዩ።

«ጋሽ ወልደ ሚካኤል» አሉ፣ «እርስዎ ሽበትዎን ይዘው፣ ስካር በደጁ አልፎ አያውቅም አሉኝ። እኔ ደግሞ በዓይኔ አየሁት። ከነአባቱ ስም ገበያ ላይ ተሰቅሏል።»

«ሐጂ፣ እሱማ የፊደል ስሕተት ነው።»

«ስሕተት ከሆነ ለምን አልወረደም?»

ሐጂ «ልጄን ለስካር አልድርም» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ሽማግሌው ጀብሪልን ሲያገኙት አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «በስተርጅና ውሸታም አደረግኸኝ» ብለው ብቻ ገቡ። ማታ ኡምኩልሱም ደወለች። ጀብሪል ስልኩን እያየ አላነሣም፤ ምን ይበላት። ደጋግማ ደወለች። እሱም ደጋግሞ ዝም አለ። በስልክ እንኳ የሚያፍር ሰው ሆኖ አረፈው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ደሴ ጠራቻቸው። ትልቅ አዳራሽ፣ እውነተኛ መድረክ። አስናቀው ኪዳንንና እፀገነትን አስከትሎ ወደ ድንኳን ማስቀመጫው እየሮጠ ሲገባ ጀብሪል ባነሩን መሬት ላይ ዘርግቶ «ር»ን በመቀስ ሊቆርጣት ተንበርክኮ አገኘው።

«ተው እንጂ! ደሴ የጠራው እኮ ስካር ባንድን ነው» አለ አስናቀው። «ር ከወጣች ሰዉም ይወጣል።»

«እኔን ከትዳሬ አስወጥታኛለች።»

«ለአንዲት ፊደል?» አለች እፀገነት። «ደሴ አንዴ እንጫወትና ከዚያ ትቆረጥ።»

«አንዴ አንዴ እያላችሁ ነው እዚህ ያደረሳችሁኝ።»

«አደረሳችሁኝ?» አለ አስናቀው። «ስትጨፍር አልነበር? ደግሞስ ባንዱ ያንተ ብቻ ነው?»

ጀብሪል ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ መሬት እያየ ያወራ ሰው፣ ያን ቀን ፊት ለፊት አያቸው። «ሞንታርቦው የኔ ነው» አለ። «ጊታሩ የኔ ነው። ቤቱም የኔ ነው። ስካር የሚፈልግ ወጥቶ ይስከር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ኪዳን የድራም እንጨቶቹን ሳያነሣ ወጣ። አስናቀው ትራምፔቱን በብብቱ ይዞ ወጣ። እፀገነት በሩ ላይ ዞር አለችና «ሞንታርቦው ያንተ ይሁን፤ ድምፁስ የማን ነበር?» አለችው። ባንዱ በዚህ ፈረሰ። ከተማው ለወራት «ስካሩ በረደ» እያለ ሲቀልድ ከረመ።

ጀብሪል ግን ባንዱን ሰውቻለሁ፣ አሁን ልጅቱን አገኛለሁ ብሎ ራሱን አጽናና። የጋሽ ወልደ ሚካኤልን እግር ስሞ ታረቀ። ቲቸር አለኸኝን ምስክር እንዲሆኑለት ለመነ። ሦስቱም ከላላ ወረዱ።

ቲቸር ተነሥተው ቆሙ፤ ተቀምጠው ማስተማር አይሆንላቸውም። ጥፋቱ የሳቸው እንደሆነ፣ ስካ የባዕድ ቃል እንደሆነ፣ ስካር ግን ሰከረ ካለው ግስ እንደወጣ፣ ግሱም እንዴት እንደሚረባ ተነተኑ። ሐጂ አገጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ሳያጥፉ አዳመጡ። ሲጨርሱ «ቲቸር፣ ስንት ዓመት አስተማሩ?» አሉ።

«ሠላሳ ዓመት።»

«አላህ ለተማሪዎችዎ ይዘንላቸው» አሉ ሐጂ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ «የሷን ቃል ደግሞ እንስማ» ብለው ኡምኩልሱምን አስጠሩ።

ከወፍጮ ቤት መጣች፤ ዱቄቱን እንኳ አላራገፈችም። ጀብሪልን ስልክ እንዳላነሣ ሰው አየችው።

«ባንዱስ?» አለችው።

ጀብሪል ደረቱን ነፋ። «አፈረስኩት። ላንቺ ስል።»

«ማን አፍርስ አለህ?»

አሁን ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች።

«እኔ» አለች በወፍጮ ቤት ድምፅዋ፣ «የናንተን ቪዲዮ ለአባቴ ሳሳያቸው ከረምኩ። ፊደሏ በስሕተት እንደገባች ነገርኳቸው፣ ብርዙን አሳየኋቸው። ለምደውት ‘ይሄማ የበቅሎ ሶምሶማ ነው’ እያሉ ጭናቸውን በእጃቸው መምታት ጀምረዋል። ይሄን ልነግርህ ስደውል አታነሣም። አሁን ደግሞ ላንቺ ብዬ አፈረስኩት ትለኛለህ? ጠይቀኸኛል? የኔ ሰርግ ላይ ያ ባንድ ካልተጫወተ ኒካህም የለም።»

ጀብሪል ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ጣራውን ያያሉ።

«እኔ ያስቀየመኝ ባነሩ አለመውረዱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሶላት ሲደርስ ዝም ካሉ እኔ ችግር የለብኝም። እሷን ግን አንተው ቻላት።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ጀብሪል በማግስቱ መናኸሪያው ሄዶ የአስናቀው ባጃጅ ውስጥ እንደ ተሳፋሪ ገባ። አስናቀው በመስታወት አየውና «ወዴት?» አለ። «እፀገነት ዘንድ፣ ከዚያ ኪዳን ዘንድ። ከሁሉ በፊት ግን አንተ ዘንድ ነው የመጣሁት። አፉ በለኝ» አለ ጀብሪል። አስናቀው ሞተሩን አጠፋ። ብዙ ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር፣ ግን «አብሽር፣ አንተም ተጎድተሃል» ብሎ ብቻ መልሶ አስነሣው። እፀገነት አልቅሳ ይቅር አለችው፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ልትሄድ እንደሆነ ነገረችው። ኪዳን ወንድሙ ዘንድ ባሕር ዳር ለትምህርት ሊሄድ ዕቃውን ጠቅልሏል። አስናቀውን ደግሞ አንድ የደሴ ባንድ ሊወስደው ነው። አንድ ቀን ግን፣ ለሰርጉ፣ ሁሉም እሺ አሉ። ቲቸር አለኸኝ ባነር ልሥራ ሲሉ አራቱም በአንድነት እምቢ አሏቸው።

ሰርጉ ከላላ ላይ ሆነ። ጀብሪል የረሳው ነገር ቢኖር ሙሽራ መሆኑን ነው። ሙሽራ ከወንበሩ አይነሣም። ሦስቱ ጀመሩ፤ ኪዳን መታ፣ አስናቀው ነፋ፣ እፀገነት ዘፈነች። ዘፈኑ ግን አነከሰ፤ «ቸክ» የለችም። ሰዉ ምን እንደጎደለ አላወቀም፤ ጀብሪል ያውቃል። በሱፉ ውስጥ አላበው፣ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይመታሉ። ኡምኩልሱም ከመሸፈኛዋ ሥር ስታየው ቆይታ «ሂድ እንጂ» አለችው።

«ነውር ነው።»

«ስልክ አለማንሣት ነው ነውር። ተነሥ።»

ሙሽራው ተነሣ። ጊታሩን አንጠለጠለ፣ አስናቀው ቦታ ለቀቀለት፣ የወፍጮ ቤቷንም ዘፈን ጀመሩ። የከላላ ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፣ ከዚያ ትከሻቸው ከዳቸው። ሐጂ ሙሐመድአሚን ተቀምጠው ጭናቸውን ይመታሉ። አዛን ሲል አቆሙ፣ ሶላቱ ሲያልቅ ቀጠሉ፣ ፀሐይ እስክትገባ ተጫወቱ። ሲያበቁ ገመዱን አራቱም አብረው ጠቀለሉ፣ እንደ ድሮው እየተነጃጀሱና እየተሳሳቁ። የሚቀጥለው መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

መካነ ሰላም ሲመለሱ ሙሽሮቹ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጀብሪል በመስኮቱ በኩል ያያል፣ ጉንጩ እርጥብ ነው። ኡምኩልሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን ሆንክ?» አለችው።

«ባንዱ አለቀ።»

«እኔን አገኘህ እኮ።»

ጀብሪል ዞሮ ፊቷን አየ። በስልክ አልነበረም፣ ማይክም አልነበረም፤ ምላሱ ግን አልተሳሰረም።

«ሁለታችሁንም ነበር የፈለግሁት» አላት።

«እኔም» አለችው፣ እጁንም ያዘችው።